የታጠበ ካሮት

መስከረም 12 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? እኔ ከእግሬ በቀር ደህና ነኝ። እግሬንም የሚያመኝ ቀኑን ሙሉ ማተሚያው አጠገብ ስለምቆም ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ስልክ ብደውል "ሃሎ፣ ሃሎ" ብለው ስለሚዘጉብኝ እነሆ ወረቀት አነሳሁ።

የምጽፈው ለጉዳይ ነው። "ጉዳይ ከሌላት መች ትጽፋለች" ብለው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። እንደሚያውቁት እኔና አንዲት አታሚ ባልደረባዬ ሁለት ብቻ ሆነን በአንዲት ክፍል ውስጥ ሰሃን፣ ትሪ፣ ሽርጥና የወጥ ቤት ፎጣ ላይ ሥዕል እያተምን እንሸጣለን። እስከ ዛሬ የምናትመው ከሰው የተገዛ የአበባ ሥዕል ነበር፤ ሁሉም የሚያትመው ዓይነት። ባለፈው ሳምንት ግን የስጦታ ዕቃ ሱቅ ያላት አንዲት ሴትዮ መጥታ፣ "የመኸር የስጦታ ሳጥን ሥሩልኝ። ዱባ፣ በቆሎ፣ ሽንኩርት፣ የደረሰ ነገር ሁሉ ይኑርበት። ከመጽሐፍ የተቀዳ ግን አልፈልግም" አለችን። እኔም አፌ ቀድሞኝ "የእናቴ ጓሮ አለ፤ የሚስለውም ወንድሟ ነው" አልኳት።

ስለዚህ እባክዎ ይሳሉልኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለትምህርት ቤቶች ሥርና ግንድ፣ ቅጠልና ፍሬ ሲስሉ የኖሩ ሰው ነዎትና ለእርስዎ ይህ ጨዋታ ነው። በየሳጥኑ ውስጥ "ከእናቴ ጓሮ" የሚል ካርድ እናስገባለን። ሴትዮዋ ሥዕሉን ሳታይ ካርዱን ወዳዋለች።

ሌላም ልንገርዎ፣ ለማንም ያልነገርኩት። እማዬ ጓሮውን ለእኔ ትታ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ፤ እኔም ለእርስዎ ውክልናውን ሰጥቼ እንደወጣሁ ቀረሁ። ይህ ሥራ ከተሳካ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ። ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ባለው ጥግ ትንሽ የማተሚያ ክፍል እሠራለሁ። እርስዎ በመስኮት በኩል ይስላሉ፣ እኔ አትማለሁ። እዚህ ሲደክመኝ የማስበው ይህን ነው።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለቁንዶ፣

እንደ ቁንዶ በርበሬ ትንሽ ሆነሽ የምታቃጥዪ ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። የያዝሽው ይባረክ፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ እግርሽንም ማርያም ትዳብስልሽ። እኔ ዕድሜ ከሚያመጣው በቀር ምንም አልሆንኩም።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ወንበሬን ተሸክሜ ጓሮ ገባሁ። ዘንድሮ ዱባው ጉድ ነው፤ አጥሩን ወጥቶ ወደ ባለ ጋራዡ ጎረቤታችን ግቢ ሊሻገር ሲል በጭራው ጎትቼ መለስኩት። እናትሽ ታዝ እንደነበረው በቢላ አልቆረጥኩም፤ በእጄ ጠምዝዤ፣ አንገቱን ስንዝር ያህል አስቀርቼ ነው ያነሳሁት። በቆሎው ጫፉ ላይ አንዲት ትል ነበረች፤ ሳትንቀሳቀስ ስለቆየችልኝ እሷንም ስያታለሁ። ሽንኩርቱን ከነአፈሩ፣ ካሮቱን ከነጢሙ። አራት ሥዕል ልኬያለሁ።

የባቄላውን ታሪክ ታስታውሻለሽ? ለትምህርት ቤት በሳልኩት ባቄላ ላይ አባጨጓሬ ቢኖር ርእሰ መምህሩ "አጥፋው፣ ልጆቹ ይደናገራሉ" አለኝ። "ካየሁት በኋላ የት ላድርሰው?" አልኩት። የዚያን ዓመት ሥራ ለሌላ ሰጡት። እናትሽ ስቃ ስቃ ልትሞት ነበር። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው፤ ሌላው ሠዓሊ ያሳምራል፣ እኔ ያየሁትን አስቀምጣለሁ።

አንድ ነገር አለ፤ ዓይኔ ላይ ጭጋግ ነገር ወርዷል። አምፖል ስመለከት ዙሪያውን ቀለበት ይሠራብኛል። ሦስተኛውን ሥዕል ስጨርስ ቀይና ቡናማውን ለመለየት ቀለሙን ወደ በር ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ለማሳሰብ ሳይሆን እንዲያው ብታውቂው ብዬ ነው።

የማተሚያ ክፍሉን ነገር በልቤ ይዤዋለሁ። ጥጉ ላይ ለአሁኑ ቃሪያ ዘርቼበታለሁ፤ ስትመጪ ይነሳል።

አጎትሽ


ኅዳር 20 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከርመዋል? እጅዎን ያቆይልኝ! ሥዕሎቹን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋቸው አታሚዋ "አፈሩ ይሸታል" አለች። ሳጥኖቹ በሁለት ሳምንት አለቁ። ከሰሃኑም ከፎጣውም አንድ ሙሉ ሳጥን ልኬልዎታለሁ፤ በራስዎ ዱባ ላይ ይበሉበት።

ባለ ሱቋ ለመጪው መኸር እጥፍ አዝዛለች። አዲስ ሥዕል ትፈልጋለች፤ ትልቅ ዱባ፣ ከተቻለ ደበርጃንና ቀይ ሥር። በደንብ ያስቡበት።

ስለ ዓይንዎ ደግሞ አይጨነቁ። ለዓይን ካሮት ጥሩ ነው ይባላል፤ ጓሮ ሞልቶ! መነጽርም ይቀይሩ።

በጣም እቸኩላለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ሳጥኑ ደርሶኛል። ሰሃኖቹ ሲያምሩ! ሙዚየም የገባሁ መስሎኝ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ግን አንዱን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፤ ትሏ የለችም። ትሏን የት አደረስሻት? ካሮቱም ጢሙን ተላጭቷል። ለርእሰ መምህሩ ያልሰጠሁትን አንቺ ወሰድሽብኝ ማለት ነው። እየቀለድኩ ነው። ሰው ትል ያለበት ሰሃን ላይ እንደማይበላ አውቃለሁ።

ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። የዓይን ሞራ ነው አለኝ፤ በሁለቱም ላይ። ግራው አልቋል ማለት ይቻላል፤ ቀኙም እስከ ክረምት አይቆይም። መንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ለሚቀጥለው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የሚሠሩት የግል ሐኪሞች ናቸው፤ እነሱ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ቀላል አይደለም። ካሮቱን እየበላሁ ነው።

ምን ባደርግ ይሻላል ትያለሽ? ሐሳብሽን ጻፊልኝ። ብዙ አልቸኩልም፤ ግን ባትቆዪብኝ።

አጎትሽ


ግንቦት 16 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

በመዘግየቴ እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ማተሚያው ተሰብሮ ሁለተኛ ማሽን አስገባን፣ ክፍል ቀየርን። ደብዳቤዎ ዕቃ ስንጭን ካርቶን ውስጥ ገብቶ አሁን ነው የወጣው። ዓይንዎ እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

የሚያስደስትዎትን ላክሁ፦ ጥሩ የአትክልት መቀስ፣ ረጅም የውኃ ጎማ፣ መኮትኮቻና የቆዳ ጓንት። ጓንቱን መርጬ ነው የገዛሁት፣ አውራ ጣቱ ጋ ድርብ ነው። እማዬ እጇ በእሾህ ተቧጭሮ ምሽት ላይ በቅባት ስታሽ ትዝ ይለኛል፤ የእርስዎ እንዲያ አይሁን።

አሁን ደግሞ አዲስ ልመና አለኝ። ክፍሉን የሚሠራ ሰው አነጋግሬያለሁ፤ ሁለት ዓመት ያልኩት ወደ አንድ ሊያጥር ነው። ከጉድጓዱ እስከ አጥሩ ያለውን በሜትር ለክተው ይላኩልኝ። ፎቶም ቢኖር።

የመኸሩን ሥዕል እስከ ጥቅምት መጀመሪያ እጠብቃለሁ።

የእህትዎ ልጅ


መስከረም 25 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናና ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። በመቆየቴ አትቀየሚኝ።

ዓይኔ ድኗል። ተመስገን ነው። ከግድግዳው ላይ የዝንብ እግር እቆጥራለሁ። አምስት ሥዕል ልኬያለሁ፤ እንዲህ ጥርት ያለ ነገር ከሠራሁ አሥር ዓመት ይሆነኛል።

የላክሽው ሁሉ ደርሷል። ጓንቱን አድርጌ ሁለት ቀን ሙሉ ሳርም ዋልኩ፤ አውራ ጣቱ እንዳልሽው ጠንካራ ነው። መለካቱን ግን አፈሩ ጭቃ ስለሆነ ትንሽ ቆይቼ አደርገዋለሁ። ፎቶ የሚያነሳልኝም ሰው አላገኘሁም። ክፍሉንም ባትቸኩዪበት ምን ይመስልሻል? ሰው ሀገር ለቆ ሲመለስ ነገር እንዳሰበው አይሆንለትም። እዚያው ሥራሽ ቢሰፋልሽ እኔም ደስ ይለኛል።

በይ ደህና ሁኚ፤ አታሚዋን ሰላም በይልኝ።

አጎትሽ


ጥቅምት 19 ቀን

አጎቴ፣

ሰላምታ አላስረዝምም።

ፎጣዎቹ ታትመው፣ ካርዱ ገብቶባቸው ሄደዋል። ትናንት ወደ ሰሃኑ ገባን። አታሚዋ ዱባውን ኮምፒውተር ላይ አጉልታ ስታጸዳ፣ "ይህን ሰባት ላጥፋው ወይስ የሥዕሉ አካል ነው?" አለችኝ። "የምን ሰባት?" አልኳት። ቀረብኩ። ዱባው ጎን ላይ፣ በጠመኔ፣ ከታች ትንሽ የደበዘዘ ሰባት ቁጥር። እኔ የዱባው ጠባሳ መስሎኝ አልፌው ነበር።

"ኪሎው ነዋ! ነጋዴ ነው የጻፈበት" አለች። እሷ ከዚህ ሥራ በፊት ከእናቷ ጋር አትክልት ትሸጥ ነበር።

ሳቅኩባት። ከዚያ አምስቱንም ሥዕሎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። የዱባው አንገት በቢላ ተስተካክሎ ተቆርጧል፤ ስንዝሩ የለም። ሽንኩርቱ አምስት አምስት ሆኖ በቀይ ክር ታስሯል፤ ክሩን ከነቋጠሮው ስለውታል። ደበርጃኑ ላይ የጆንያ ጥለት ታትሞበታል። ካሮቱ ታጥቧል። ቅጠሉ እኩል ተከርክሟል፣ አንድ ፍሬ አፈር የለበትም። በእማዬ ጓሮ ካሮት ታጥቦ አይበቅልም፣ አጎቴ።

እማዬ ስለ እርስዎ የምትለውን ነግሬዎት አላውቅም። "ወንድሜ አፉ ሊሸነግልሽ ይችላል፤ እጁ ግን ውሸት አልለመደም" ትል ነበር። እኔ አፍዎን አምኜ እጅዎን ሳላነብ ቀረሁ።

ምናልባት ዘንድሮ አልያዘ ይሆናል፣ ዝናብ አበላሽቶት ከገበያ ገዝተው ይሆናል ብዬ ሌሊቱን ስሟገትልዎት አደርኩ። እንዲያ ከሆነ ግን ጓንት አድርገው ሁለት ቀን ያረሙት ምኑን ነው? ለምን አይለኩልኝም? ለምን ፎቶ የለም?

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ጓሮው የት ነው?

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 6 ቀን

ልጄ፣

ሰላም ልበልሽ? አፌ አልደፍር አለ።

ጓሮው የለም። በመጋቢት ሸጥኩት። የገዛው ባለ ጋራዡ ነው። በሰጠሽኝ ውክልና፣ ግብር እንድከፍልበት በሰጠሽኝ ወረቀት፣ ፈርሜ ሸጥኩት። በሸጥኩበት ገንዘብ ዓይኔን ተሠራሁ። ሌላ ያደረግኩበት ነገር የለም፤ አንዲት ሸሚዝ እንኳ አልገዛሁም።

ለምን አልጠየቁኝም ትያለሽ። ሁለት ጊዜ ጠይቄሻለሁ ቁንዶ። በመጀመሪያው ካሮት ይብሉ አልሽኝ። ሁለተኛው አራት ወር ካርቶን ውስጥ ተኛ። እኔ ካርቶን ውስጥ መሆኑን አላወቅኩም፤ አንብበሽ ዝም ያልሽ መሰለኝ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ጠየቅኩሽ ማለትም ይከብደኛል፣ ዙሪያውን ዞርኩ እንጂ። "ታወርኩ፣ አሳክሚኝ" ብዬ በቀጥታ ብጽፍ እንደማትጨክኚ አውቃለሁ። ፈራሁ። የታወረ ሠዓሊ ለምን ይሆንሻል? ሌላ ታገኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሳልኩትን የሚወድ ሰው ባንቺ አገኘሁ፣ እሱን ማጣት አልቻልኩም።

ጓሮውን ደግሞ የምትመለሺበት አልመሰለኝም። ስንቱ ሲሄድ "በሁለት ዓመት" ብሎ አይደል የሚሄደው?

ፋሻው በተፈታልኝ በሦስተኛው ቀን ወደዚያው ሄድኩ። ሰውየው አላረፈም፤ ሐረጉን ነቅሎ፣ ጉድጓዱን ደፍኖ፣ ሲሚንቶ አልብሶታል። ዓይኔ ድኖ መጀመሪያ ጥርት አድርጎ ያየው ሲሚንቶ ነው። እዚያው አጥሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሐኪሙ አታልቅስ ብሎኝ ነበር።

የአንቺ ሣጥን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መቀሱንና ጎማውን አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ጓንቱን አድርጌ አረምኩ ያልኩት ውሸት ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር ከበደ። ዱባውን ከገበያ ገዝቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ስስለው ሰባቷን አይቻታለሁ። በእርጥብ ጨርቅ ላጠፋት ተነሳሁ። ከዚያ ተውኩት። እንድትደርሺብኝ ፈልጌ ይሁን፣ እጄ እምቢ ብሎኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ትሏን ስላጠፋሽ አንቺም ዋሽተሻል ልልሽ አስቤ ነበር። ጻፍኩት፣ ቀደድኩት። ሁለቱ አንድ አይደለም።

ምን ላድርግ? የፈለግሽውን እዘዢኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለአጎቴ፣

ጤናዎን ይስጥዎ። ዓይንዎ በመዳኑ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ሌላው ነገር እንዳይሸፍነው አስቀድሜ ልጻፈው።

ካሮት ይብሉ ያልኩበትን አፌን በቆረጠው። ደብዳቤዎችዎን አውጥቼ ደግሜ አነበብኳቸው፤ እርስዎ ዙሪያውን አልዞሩም፤ በግልጽ ነው የጻፉት። እኔ ነኝ ያላየሁት። የእርስዎን ዱባ ብቻ ነበር የማየው። ለዚህ እስክሞት ድረስ ዕዳ አለብኝ፤ አልክድም።

ሆኖም አልተቀየምኩም ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል፣ ውሸት ደግሞ በቅቶኛል። ለዓይንዎ ብለው ጓሮውን መሸጥዎን አንድ ቀን ይቅር ልል እችላለሁ። ቢጠይቁኝ ራሴ "ይሽጡት" እል ነበር ይሆናል። ጓንቱን ግን አልችልም። በዚያ ደብዳቤ የተነሳ ስንት ቀን ደስ ብሎኝ እንደዋልኩ አያውቁም። እማዬ በቆፈረችው አፈር ላይ፣ እኔ በመረጥኩት ጓንት፣ እጅዎ ሲሠራ እያየሁ ነበር የማትመው። እሱን ከየት አመጡት? ማንም ሳያስገድድዎት ለምን ጨመሩት? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር።

ካርዱን አስወጣሁት። ለባለ ሱቋ እውነቱን ነገርኳት። "እስቲ አሁን ማን ያውቃል?" ብላ ሳቀችብኝ። የሄዱት ፎጣዎች ግን አይመለሱም፤ ሰዎች ወጥ ቤታቸው ሰቅለው "ከእናቴ ጓሮ" እያሉ እንግዳ ያሳያሉ። ሰሃኑን ከነሰባቷ አተምኩት። ሰው ይጠይቃል፣ አታሚዋ "ኪሎው ነው" ትላለች፣ ይስቃሉ፣ ይገዛሉ። ከሌላው ሁሉ በላይ የሚሸጠው እሱ ሆኗል፤ ከሽያጩ የእርስዎ ድርሻ ይደርስዎታል።

ውክልናውን አንስቻለሁ። ወረቀቱ ከዚህ ጋር ነው። ክፍሉን የሚሠራውን ሰውም ተወው ብዬዋለሁ። እስከ ዛሬ የኖርኩት ለዚያ ጥግ ነበር። አሁን ማተሚያው አጠገብ ስቆም እግሬን ያመኛል፣ ሌላ የማስበው የለኝም።

"የፈለግሽውን እዘዢኝ" ብለዋል። የማዝዘው የለኝም።

በጥር መጨረሻ ለአራት ቀን እመጣለሁ። የእማዬን መቃብር አያለሁ፣ የቀሩ ወረቀቶች አሉ እነሱን እጨርሳለሁ። ጣቢያ ድረስ እንዳይደክሙ። አልጋም እንዳያነጥፉ፤ ሆቴል ይዣለሁ። ሰው "የእህትህ ልጅ መጥታ ምነው ሆቴል አደረች?" ብሎ ቢጠይቅዎት፣ የሚመልሱትን እርስዎ ያውቃሉ።

የእህትዎ ልጅ